በሰው ቤት ያደረች ማኅተም

በብራውዘር ትር ላይ ከድረ ገጹ ርዕስ አጠገብ የምትታየው ትንሽ ምልክት ስትፈጠር 16 በ16 ፒክስል ነበረች፤ በጠቅላላው 256 ነጥብ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 እ.ኤ.አ. በ1999 ይዟት ሲመጣ አንባቢ ከመረጣቸው ገጾች ዝርዝር ውስጥ አንዱን ከሌላው በዓይኑ እንዲለይባት ነበር። ፋቪኮን የሚለው ስሟም የወጣው «ፌቨሪት» እና «አይከን» ከሚሉት ሁለት ቃላት ነው። አንድ ፊደል ቢጻፍባት ትሞላለች። ለጦማሪ ግን ታፔላውም ማኅተሙም እሷ ናት።

በነፃ የጦማር አገልግሎት የሚጽፍ ሰው ለዓመታት ይህችን ማኅተም የሚያኖርበት አጥቶ ኖሯል። በብሎግስፖት የጻፈ ሁሉ፣ ግጥም ጻፈ ፖለቲካ፣ ትሩ ላይ የሚታየው ያው የብሎገር ብርቱካናማ ምልክት ነበር። የራሱን ማሳየት የፈለገ ፋይሉን ሌላ ቦታ አስቀምጦ አድራሻውን በገጹ ኮድ ውስጥ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ «በነፃ የት ላኑራት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። ሆኖም ከሥሩ ከኮምፒውተር እጅግ የቀደመ ጥያቄ አለ፤ በነፃ ያሳደረ ሰው ለእንግዳው ምን ዕዳ አለበት? እንግዳውስ ለእሱ?

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ እንይ። ጦማሪው ከማያውቀው ሰው ድረ ገጽ ላይ ደስ የሚል ምስል ያገኝና አድራሻውን ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ ይተክለዋል። ከዚያ በኋላ ጦማሩ በተከፈተ ቁጥር ምስሉን የሚያቀርበው የዚያ ሰው ሰርቨር ነው። ወጪው ኢምንት ነው፤ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። «ማን ተጎዳ?» የሚለው መከራከሪያ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አበው ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ነገሩ በሳንቲም አይለካም፤ ሳይጠየቅ እንዲያገለግል የተደረገ ሰው ጥቂት አገለገለ ተብሎ ነገሩ ፈቃድ አይሆንም። አንዳንድ ባለቤቶች ይህን ሲደርሱበት ምስሉን በአሳፋሪ ምስል ይተኩታል። የተዋረደው ጦማሪ ሲጮህ ይሰማል፤ ግን በምን ሊከስ ይችላል? ሰውየው የለወጠው የራሱን ዕቃ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ንጹሕ ይመስላል፤ ምስል በነፃ አስቀምጣለሁ ብሎ በሩን ወደከፈተ ድርጅት መሄድ። እዚህ ስርቆት የለም፤ ግብዣ አለ። ሆኖም ግብዣው ምን ዓይነት እንደሆነ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ጂኦሲቲስ ለተራ ሰው ነፃ ገጽ እየሰጠ ገጾቹን «ሰፈር» በሚሉት ክፍል ይመድብ ነበር። ያሁ በ1999 ገዛው፤ በ2009 በአሜሪካ ዘጋው። በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ከፊሉን ባይገለብጡት ሰፈሩ ከነነዋሪው በጠፋ ነበር። ፎቶበኬት ደግሞ በ2017 ደንቡን ለወጠና በእሱ ዘንድ የተቀመጡ ምስሎችን በሌላ ገጽ ላይ ለማሳየት በዓመት 400 ዶላር ገደማ ጠየቀ። ባልከፈሉት ሰዎች ገጽ ላይ በምስሎቻቸው ፋንታ የክፍያ ማሳሰቢያ ተተካ።

ብዙዎች «ተከዳን» አሉ። ተከድተዋል? በውሉ ከሄድን አልተከዱም፤ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ደንባቸውን የመለወጥ መብታቸውን አስቀድመው ይጽፋሉ። ስሜቱ ግን ከባዶ አልመጣም። ሰዎቹ ዕቃቸውን ያስቀመጡት በልባቸው አደራ ብለው ነው። አደራ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። በቤተ መንግሥት ትልቁን ማኅተም የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ማኅተሙ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። በነፃ ማኖሪያው በኩል ግን «ተቀብያለሁ» ያለ ሰው የለም፤ ፋይሉን የተቀበለው ማሽን ነው። አንዱ አደራ ሰጠሁ ሲል ሌላው ዕቃ ተራገፈልኝ ይላል።

በባላገር ቤት መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚል መንገደኛም በነፃ ያድራል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ባለቤቱ ፊቱን ያየዋል፤ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ እስኪነጋ ድረስ እንግዳው ላይ የሚደርሰው ሁሉ የቤቱ ውርደት ነው። እንግዳውም ነግቶ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ማርሴል ሞስ ስለ ስጦታ በ1925 ባሳተመው ጥናት መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታ እንደሆኑ ይከራከራል። የእግዜር እንግዳ ዛሬ ባይመልስ ነገ በእሱ ደጅ ሌላ ይመሽበታል። የነፃው ማኖሪያ እንግዳ ግን የሚመልስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ክፍያው ሳያውቀው በሌላ በር ይወጣል።

ያ በር አንባቢው ነው። ገጹ ሲከፈት የአንባቢው ብራውዘር ምልክቷን ለማምጣት ወደ ማኖሪያው ይሄዳል፤ ሲሄድም የራሱን አይፒ አድራሻ ያሳያል፤ ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣም ሊናገር ይችላል። አንባቢው ግን የመጣው ጽሑፍ ሊያነብ ነው፤ ሦስተኛ ወገን መኖሩን የነገረው የለም። ስለ ምግብ አሠራር በሚጽፍ ጦማር ላይ ይህ ኢምንት ሊሆን ይችላል። የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የታሰሩበትን አገር ለሚያስታውስ ግን ማን የቱን ገጽ እንደከፈተ የሚያሳይ መዝገብ፣ በማንም እጅ ይሁን፣ ኢምንት አይደለም። ጦማሪው የራሱን ዕዳ ሊሸከም ይችላል፤ የእንግዶቹን ስም አስይዞ መበደር ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም የባንክ ካርድ የሌለው የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ወይም በባዕድ አገር ደመወዟን ሙሉ ወደ ቤት የምትልክ ሠራተኛ፣ ነፃ ባይኖር ከቶ አይጽፉም ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ፋቪኮን በተወለደችበት በዚያው በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ለአንባቢ የደረሰው በነፃ ቤቶች በኩል ነው። ለእነዚህ ጸሐፊዎች «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ብሎ መስበክ ጥጋብ ነው። ቤት የሌለው ሰው ማደሩ ነውር የለውም።

ሆኖም ማደርና ማስቀመጥ ይለያያሉ። ጽሑፍ አንባቢ ባለበት ይደር፤ ዋናው ቅጂ ግን በጸሐፊው እጅ ይቅር። ከሰው የተወሰደ ምስል በፈቃድ ይወሰድ፤ ተገልብጦም በራስ ቦታ ይቀመጥ። ማኅተሟ ደግሞ ከሁሉም ትቀልላለች፤ 256 ነጥብ ወደ ጽሑፍ ተለውጦ በገጹ ኮድ ውስጥ ከጥቂት መስመር ጋር መግባት ይችላል። ያን ጊዜ አንባቢው ለእሷ ሲል ወደ ማንም ደጅ አይላክም፤ ገጹ ቤት ሲለውጥም አብራው ትሄዳለች። ጦማሪው ቀሪው ንብረቱ ሁሉ በሰው ቤት ቢሆን እንኳ፣ ይህችን ያህል በኪሱ ሊይዝ ይችላል።