ትንሿን ነገር የሚያይ ማን ነው?

የእንግዳ ዓይን ክፍት ነው፣ ነዋሪ ግን ከመልመዱ የተነሣ አያይም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። በሰው አገር ስንዞር የጎዳናው ጥቃቅን ለዛ የሚታየን አዲስ ስለሆንን ነው፣ ስንለምደው ይጠፋብናል ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። አዲስነት የሚሰጠው መገረምን ነው። የገረመው ሁሉ ግን አየ ማለት አይደለም።

ዴንቨር የሚገኘውን የኮሎራዶ ምክር ቤት ደረጃ እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ጎብኚው የአንድ ማይሉ ምልክት ያለበትን ደረጃ ፈልጎ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ደጋግሞ የሚያልፍ ሰው ግን ምልክቱ አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ይደርስበታል። 15ኛው ደረጃ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. እንደገና ተለክቶ 18ኛው ላይ ሌላ ተደረገ፤ በ2003 ደግሞ ልኩ ወደ 13ኛው ወረደ። የቀደሙት ግን አልተነሡም። እኔን ደስ የሚለኝ ከፍታው አይደለም። ሰዎች ለክተው፣ መልሰው ለክተው፣ የፊተኞቹን ሥራ ሳይፍቁ እዚያው መተዋቸው ነው። ይህን የሚያገኘው ደግሞ አዲስ መጪው ሳይሆን የተመላለሰው ነው።

በዚያው ሕንፃ ጎን የሚያልፈው የኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ዮሴሚቲ መንገድ ላይ ዴንቨር ያበቃና ኦሮራ ይጀምራል። በ1891 ፍሌቸር ተብላ የተቆረቆረችው፣ በ1907 ስሟ የተቀየረው የጥንቷ ኦሮራ ይህች ናት። ዛሬ ኦሪጅናል ኦሮራ ይሏታል። ከድንበሩ ጀምሮ ኮልፋክስን የሚያቋርጡት መንገዶች በፊደል ተራ፣ ለአንድ ፊደል ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዳሉ፦ ቢለርና ቦስተን፣ ገሊናና ጄኔቫ፣ ሃኖቨርና ሃቫና፣ ኬንተንና ኪንግስተን፣ እያለ እስከ ፓሪስና ፒዮሪያ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ከቦስተን ተነሥቶ በጄኔቫና በሃቫና አልፎ ፓሪስ ይደርሳል።

አሁን በዚህ ሰፈር ወደሚኖረው ልጃቸው የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ አንዲት እናት እናስብ። ከፌርማታው እስከ ቤት ብቻቸውን መሄድ ይፈልጋሉ፤ መጥፋት ግን ያሠጋቸዋል። ስለዚህ በየማዕዘኑ የተሰቀለውን ጽሑፍ የመጀመሪያ ምልክት ቅርጹን ያጠናሉ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ነገር ይገባቸዋል፦ ያ ቅርጽ ሁለት ጊዜ ይመጣና ይለወጣል። ማንበብ የሚችለው ልጃቸው ለዓመታት ሲመላለስ ስሙን እንጂ ሥርዓቱን አላየም። ስሙን ካነበበ ምን ቀረው?

ካንት በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ በውበት መደሰት ከፍላጎትና ከጥቅም ነጻ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። እኚህ እናት ግን ያዩት ስለቸገራቸው ነው። ለካንት የሚቆም ሰው፣ «ያገኙት መንገድ እንጂ ውበት አይደለም» ይለኝ ይሆናል። መልሴ ቀጥሎ በሚሆነው ላይ ነው፤ መንገዱን ከለመዱት በኋላም ቀና ብለው ማየታቸውን አይተዉም፣ የሚቀጥለው ቅርጽ ተራውን ጠብቆ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። ችግሩ በሩን ከፈተ፤ ደስታው ችግሩ ካለፈም በኋላ ቆየ። ስለዚህ ትንሹን ነገር ማየት ጊዜ የተረፈው ቱሪስት ርስት ነው የሚለው አባባል ለእኔ ትክክል አይደለም።

እርግጥ ችግር ሁሉ ዓይን አይከፍትም። ፍርሃት ይዘጋል። ደራሲው ማን ነው የሚለው ዛሬም ቢያከራክርም፣ በዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ውስጥ ሰውዬው ከአክሱም የሚወጣው ሕይወቱን ለማትረፍ ሸሽቶ ነው። መመርመር የጀመረው ግን ሲሸሽ አይደለም፤ በዋሻው ተረጋግቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከሊቃውንት ጋር ከኖረበት ጊዜ ይልቅ በዋሻው ብዙ እንደተማረም ይናገራል። የስደት ወረቀቱ ያልተቋጨለት ሰውም ኮልፋክስ ላይ ሲሄድ የሚያየው ሰዓቱንና አውቶቡሱን ነው። እሱን አስተውል ብሎ መምከር ግፍ ይመስለኛል።

ከከተማ ወጥቶ ሃይኪንግ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ ትልቁ ነገር ትንሹን ይጋርድበታል። 4,348 ሜትር ከፍታ ያለው የብሉ ስካይ ተራራ ወገብ ላይ የተጠማዘዙ፣ ግማሽ ጎናቸው የደረቀ የሚመስል ጥዶች አሉ። አንዳንዶቹ ከ1,500 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ አፄ ካሌብ በአክሱም በነገሡበት ዘመን በቅለው ነበር ማለት ነው። ብዙው መኪና ግን ወደ ጫፉ ይቸኩላል። እዚያው ተራራ ላይ ሌላም የማልጠግበው ነገር አለ፦ በከተማው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይነጋገሩ ሰዎች በተራራው መንገድ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ ወራጁም ለወጪው መንገድ ይለቃል። ገበያ የሚወርድ የጎጃም ገበሬ ይህን ቢያይ አይደንቀውም፤ በእሱ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነው ነውሩ።

የሚከብደው ተቃውሞ ይኼኛው ነው፦ ለዛ እየለቀሙ መሄድ የሌላውን ሥቃይ መሸፈን አይሆንም? ተራራው እስከ 2023 የሚጠራው በጆን ኤቫንስ ስም ነበር፤ በ1864 በሳንድ ክሪክ የሻያንና የአራፓሆ ሰዎች ሲጨፈጨፉ የኮሎራዶ ግዛት ገዥ የነበረ ሰው ነው። ዕይታው ያማረ መሆኑ ያንን አያጠፋውም። ኮልፋክስ ላይም ከአውራ ጎዳናነቱ ዘመን የቀሩ ሞቴሎች አሉ፣ የኒዮን ምልክታቸው ያማረ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ቤተሰቦች ይኖራሉ። ምልክቱን ቆሞ የሚያይ ሰው በአንዱ በር የተደገፈ የልጅ ብስክሌት ካየ፣ ክፍሉ የመንገደኛ ማደሪያ አለመሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ምልክቱን አይቶ ብስክሌቱን የዘለለ ሰው ካለ ተቃውሞው ይገባዋል፤ ጥፋቱ ግን አብዝቶ ማየቱ ሳይሆን ማየቱን ቶሎ ማቆሙ ነው።