በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ላይ ላዩን ሲያዩት ለሕሙሙ ብቻ የተሰጠ ምክር ይመስላል፤ ሐኪምም ሆነ ባለመድኃኒት ያላየውን ቁስል ሊፈውስ አይችልምና። ይህን ያህሉን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን ምሳሌውን ይዤ ወደ አንድ ቤት ልገባ እወዳለሁ፤ ይኸውም ከባልና ሚስት አንዱ ተኝቶ ሌላው የሚያስታምምበት፣ ደዌውም የሳምንት ሳይሆን የዘመን የሆነበት ቤት ነው። በዚያ ቤት ተደብቆ የሚኖረው በሽታ የማን ነው?

አንዲት የማውቃት እመቤት ባሏ ግማሽ አካሉ ከደነዘዘ ወዲህ ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር፣ ታገላብጠዋለች፤ አጥሚቱ ትን እንዳይለው በትራስ ደግፋ ቀና ካደረገችው በኋላ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ታቀምሰዋለች፤ ሳይውጥ ሁለተኛውን አትጨምርለትም። ጠያቂ ሲመጣ ወደ አልጋው ዞሮ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ እርሷን «እንዴት ሰነበትሽ?» ያሏት እንደ ሆነ መልሷ «ተመስገን» ነው። ወገቧ ግን ከተያዘ ሰንብቷል። ከሁሉ የከፋው፣ ኋላ ራሷ እንደ ነገረችኝ፣ አንዳንድ ሌሊት «ይህ ነገር መቼ ይሆን የሚያበቃው?» የሚል አሳብ ይመጣባትና የባሏን ሞት የተመኘች መስሏት ትደነግጥ ነበር፤ ማማረርንም የእምነት ጉድለት አድርጋ ስለ ቈጠረችው ለማንም አልተነፈሰችም። በዚህ ዓይነት በአፏ የነበረው ምስጋና፣ እውነተኛ ምስጋና ሳለ፣ መጋረጃም ሆነባት።

እምነት እንዲህ ያለውን ዝምታ ያዛልን? መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው አዎን ሊል አይችልም። ጻድቁ ጦቢት ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ሐኪሞችም ባልረዱት ጊዜ፣ ሚስቱ ሐና ለሰው በመሥራት ደሞዝ እያገኘች ታኖረው ነበር፤ አንድ ቀንም አሠሪዎቿ ከደሞዟ በላይ የፍየል ግልገል ቢሰጧት፣ እርሱ የተሰረቀ ነው ብሎ ለባለቤቱ እንድትመልስ አዘዛት፤ እርሷም ያ ሁሉ ምጽዋትህና ጽድቅህ የት ደረሰ ብላ መለሰችለት። መጽሐፉ የቅዱሳንን ቤት ጠብ አልሸሸገም፤ ለእኔ ከተአምራቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ፈውሱም ቢሆን የመጣው ቅዱስ ሩፋኤል ለልጁ ለጦብያ ባሳየው በዓሣ ሐሞት ነው እንጂ በቃል ብቻ አይደለም፤ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ በዝናሙ የሚጠመቀው ምእመን ይህን ሐሞት ባይረሳው መልካም ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድነት እንዲወስዱ የተናገሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ምሳሌው ግን የማይመልሰው ነገር አለ። ለማን ይገለጥ? ለገበያ የተገለጠ በሽታ ሐሜት እንጂ መድኃኒት አያመጣም። ደግሞም ያ ሕሙም ሚስቱ ጥቂት እንድታሸልብ ብሎ ሌሊት ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ይችለው ነበር፤ እርሷም እርሱ እንዳያዝን ድካሟን ትሸሽግ ነበር፤ እንዲህ ሁለቱም በፍቅር ይዋሻሉ። ምሳሌው ይህን ይኰንነው ይሆናል፤ የእኔ አፍ ግን ለኵነኔ አይከፈትም፤ ምንም እንኳ በመደበቁ ምክንያት የሕመም ማስታገሻው ዘግይቶ የታዘዘለት ቢሆን።

ኋላ እመቤቲቱ በሱባዔ ሰሞን ለነፍስ አባቷ ያን የሌሊት አሳብ ተናገረች። ቄሱ ብዙ ቀኖና የሚጭኑባት መስሏት ስትጠብቅ፣ «ልጄ፣ ስግደቱ ይቅርብሽ፤ ተኝተሽ እደሪ» አሏት፤ የባሏንም ወንድሞች አስጠርተው በተራ እንዲያድሩላት አዘዙ። ሰውየው ዛሬም አልተነሣም። እርሷ ግን እንዴት ነሽ ሲሏት «ተመስገን» ካለች በኋላ «ረቡዕ ማታ የሚያድርልኝ ሰው አጥቻለሁ» ማለትን ለምዳለች።