የብዙኃን ድምፅና የጎረቤት ሐቅ

ሕግ ማውጣት የተወካዮች ሥራ ብቻ ነው ወይስ ሕዝቡ ራሱ ጥያቄ አንሥቶ ራሱ በድምፁ ቢወስን ይሻላል? ሕዝበ ውሳኔ የሚለው ቃል በአገራችን ከተለመደ ወዲህ ልጆቻችንም ስለሚጠይቁን፣ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። መመካከር ከዲናችን ነው፤ ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ ሹራ ተብሎ መጠራቱ ይበቃል። በአገራችንም የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. ስለ ማንነቱ በራሱ ድምፅ ወስኗል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ድምፅ ሳይሰጥ ሲያልፍ፣ በሐምሌ 2011 ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ግን ከመቶ ከ98 በላይ የሆነው መራጭ ክልልነትን መረጠ፤ ዕለቱም በሰላም አለፈ። ሕዝብ የሚናገርበት በር ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ከዚህ እንማራለን።

አደጋውስ? በሲዳማ ጥያቄው ያለፈው በምክር ቤት በኩል ነበር። በስዊዘርላንድ ግን ዜጎች በ18 ወር 100,000 ፊርማ ከሰበሰቡ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላሉ። በዚሁ መንገድ ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም. አዲስ ሚናራ እንዳይሠራ የሚከለክል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። በአገሩ የነበሩት ሚናራዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ መንግሥቱና ፓርላማውም ሕዝቡ ሐሳቡን እንዳይቀበል መክረው ነበር። ሆኖም ከድምፅ ሰጪው ከመቶ 57.5 ያህሉ ደገፈው፤ ክልከላውም ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። ሁሉም በሥርዓቱ ተፈጸመ፤ የጥቂቶች ሐቅ ግን ተወሰደ።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ስንት ሰው ደገፈ ከማለት በፊት፣ ነገሩ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የቀበሌው መንገድ፣ የወል ምንጭ፣ የወፍጮ ቤት ቦታ የሁሉም ስለሆነ እጅ ቢቆጠርበት ያስማማል። የጎረቤት አምልኮ፣ መቃብርና ክብር ግን የእኛ ስላልሆነ ሺህ እጅ ቢወጣበትም ሐላል አይሆንልንም።

ይህን የምንለው በደብረ ኤልያስ ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ ብቻ ከሆነ ፍርሃት እንጂ ፍትሕ አይባልም። ሙስሊሙ በሚበዛበት አካባቢም ለክርስቲያኑ ጎረቤት ያው መለኪያ ሊሠራ ይገባል። ለልጆቻችን ድምፅ መስጠትን ስናስተምር፣ ድምፅ የማይሰጥበትን ነገር መለየትንም አብረን እናስተምር። አላህ ለፍትሕ ይወፍቀን።