አንድ መሣሪያ ለሁለት ሥራ

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለ ዴልፊ ቢላዋ ያነሳል፤ አንጥረኞች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ለብዙ ሥራ እንዲሆን አድርገው የሚሠሩት ቢላዋ ነው። ፈላስፋው አልወደደውም። ተፈጥሮ እንዲህ አትሰስትም፤ ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱን ነገር ትሠራለች፤ መሣሪያም የሚያምረው ለአንድ ሥራ ብቻ ሲውል ነው ይላል። «ሁለት ወዶ አይሆንም» የሚለው የእኛ ሰውም የሚቃወመው አይመስልም።

በበረዷማ ተራሮች ግርጌ ባሉ የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) መሸጫዎች ይህ የፍልስፍና ጥያቄ በየክረምቱ ገንዘብ ተከፍሎበት ይመለሳል። አቅሙ ለአንድ ጥንድ ስኪ ብቻ የሚበቃ ወጣት ጠዋት ለዝላይ በተዘጋጀ የበረዶ ፓርክ ውስጥ ከጉብታ መዝለልና በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተት ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተደለደለው መንገድ ወጥቶ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ መውረድ ያምረዋል። ፊቱም ጅራቱም ወደ ላይ የታጠፈውን፣ ትዊን ቲፕ የሚባለውን ስኪ ያሳዩትና ለሁሉም ይሆንሃል ይሉታል። በእርግጥ ለሁሉም የሚሆን ነገር አለ?

የትዊን ቲፕ ታሪክ ራሱ ጥያቄውን ያወሳስበዋል። ጅራቱ የታጠፈ ስኪ ቀደም ብሎም ነበር፤ ዓለምን ያዳረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ሳሎሞን የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ቴን ኤይቲ ነው። ከጀርባው እነ ማይክ ዳግላስና ጄፒ ኦክሌር የሚገኙበት የካናዳውያን ቡድን ነበር። ጉብታ በበዛበት ቁልቁለት የሚወዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የውድድሩ ሕግ ዝላያቸውን ስላጠበበባቸው በአንድ ሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስኖውቦርደኞች ወደሚጫወቱበት ፓርክ አመሩ። አየር ላይ ተሽከርክረው ጀርባቸውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው ማረፍ ፈለጉ። የዘመኑ ስኪ ጅራቱ ጠፍጣፋ ስለነበር ለዚህ አይመችም። ስለዚህ አዲሱ ስኪ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነበር፤ ስሙ እንኳ 1080 ዲግሪን፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙርን ያመለክታል። አርስቶትል ቢያየው ደስ ባለው ነበር።

ነገር ግን ሰዎች ይዘውት ከፓርኩ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ሳሎሞን ራሱ ፖኬት ሮኬት የተባለ፣ ወገቡ (ከጫማው ሥር ያለው ስፋቱ) 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ትዊን ቲፕ ለጥልቅ በረዶ ሠራ። ያኔ ሰፊ ይባል የነበረው ይህ ልክ ዛሬ የፓርክ ስኪ ልክ ሆኗል። «የአንድ ነገር ሥራ» የሚባለው በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተገላበጠ፣ እያንዳንዱ ነገር አንድ ቋሚ ተግባር አለው የሚለው አስተሳሰብ መሠረቱ ይናጋል።

ያም ሆኖ የአርስቶትል ክርክር አልሞተም፤ በረዶው ራሱ ይመሰክርለታል። ፓርክ ቀላል ስኪ ይፈልጋል፤ ለመሽከርከር ያመቻል። ጫማው የሚታሰርበት ቦታም ከስኪው መሃል ወይም ለመሃል ቀርቦ መሆን አለበት፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ እኩል እንዲሆን። የብረት ጠርዙም ሐዲድ ሲመታ የማይሰነጠቅ ወፍራም ይሁን። ጥልቅ በረዶ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፦ ሰፊ ወገብ፣ ከጫማው ፊት ረዘም ያለና ወደ ላይ የሚንሳፈፍ አፍንጫ፣ ስኪዎች ባተረማመሱት በረዶ ውስጥ የማይንገዳገድ ክብደት። ጫማው መሃል ላይ የታሰረበት ስኪ ጥልቅ በረዶ ውስጥ አፍንጫው ይሰምጣል። የታጠፈው ጅራትም በጠንካራ በረዶ ላይ የሚነክሰውን የጠርዝ ርዝመት ያሳጥራል። ሻጩ «ለሁሉም» ሲል ያልተናገረው ይህን ነው፤ ሁለገብ ስኪ የሚገዛ ሰው የትኛውን ድክመት እንደሚቀበል እየመረጠ ነው።

ፈረንሳዊው ካንዲድ ቶቬ ኤክስ ጌምስ በተባለው የስፖርት ዝግጅት በፓርክ ውድድሮች ወርቅ ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርባው ተሰበረ። በ2010 ግን ከተራራ አናት ባልተደለደለ ገደል በሚወረድበት የፍሪራይድ ዓለም አቀፍ ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱንም ዓለም የገዛ ሰው ነው። ፋክሽን የተባለው ኩባንያ በስሙ ያወጣቸው ስኪዎች ግን ወገባቸው የተለያየ ነበር። እንግዲህ ሁለገብነት በብዛት የሚገኘው በሰውየው ውስጥ ነው። አርስቶትልም ስለ እንስሳት ክፍሎች በጻፈው ድርሳን እጅን ያመሰገነው ለዚሁ ነው፦ እጅ ጥፍርም፣ ቀንድም፣ ጦርም መሆን ይችላል፤ ሁሉን መያዝ ስለሚችል።

መሣሪያ ግን አደጋውን ሳያውቅ ፈቃድ ይሰጣል። ሰፊ ስኪ በጥልቅ በረዶ ያንሳፍፋል፤ በረዶው ይናድ አይናድ አይናገርም። ከትዊን ቲፕ አባቶች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አርማዳ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል የነበረው ጄፒ ኦክሌር በ2014 በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ በበረዶ ናዳ ሞተ። የእሱ ዓይነት ልምድ ያለው ሰው ካልተረፈ፣ የሱቁ ወጣት ስለ ስኪው ወገብ ከማሰቡ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ።

ስለዚህ አንድ ጥንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ከ95 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ወገብ ያለው፣ አፍንጫውና ጅራቱ በመጠኑ ከፍ ያለ፣ ከእግር ሥር ግን እንደ ደጋን የጎበጠ ትዊን ቲፕ ይምረጥ፤ ጫማውንም ከመሃል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ያሳስር። አብዛኛውን ቀኑን ፓርክ የሚውል ከሆነ ወደ 90 ይውረድ። ከመንገድ ሊወጣ ካሰበ ደግሞ ከስኪው በጀት ቀንሶም ቢሆን የናዳ መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና መመርመሪያ ዘንግ ይግዛ፤ አጠቃቀማቸውንም ከጓደኞቹ ጋር ይሠልጥን።