ካሜራው ማንን ያስተምራል?

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ትምህርቱ ተዘጋጅቶ ያለቀለት ሆኖ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ መጣ፤ ለመምህሩ የቀረለት በመግቢያና በማጠቃለያው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ከዚህ የምረዳው ምስል ለክፍል አይበጅም የሚለውን አይደለም። ይልቁንም ሌላው አይቶ የጨረሰውን ብቻ የሚያሳይ መምህር የማየት ኃላፊነቱን ያጣል። ስለዚህ እጩ መምህራን በሥልጠናቸው ማርክ የሚያዝበት አጭር ፊልም ይሥሩ ማለት ከቴክኒክ ይልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፦ ሰውን በቅጡ ሳናይ ልናስተምረው ይገባናልን? መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ የሚሠራን ሰው ከሩቅ የቀረጸ እጩ የሚያሳየው ድህነትን ብቻ ነው። ቀርቦ እጁን ከቀረጸ ግን ቆርቆሮው የት እንደሚታጠፍ በዓይኑ የሚለካ ባለሙያ ያገኛል። እጩው ከቀረጸው የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቆይ ሲል በሰው ላይ ይፈርዳል፤ ነገ በተማሪው ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

የሰው ፊት የማርክ መሸመቻ ይሆናል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። በሥራ የተጠመደ ሰው በችኮላ «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይባልም። ነገር ግን መፍትሔው ካሜራውን መተው ሳይሆን ሥራውን ማስረዘም ነው፦ ፊልሙ ለአሠልጣኝ መምህሩ ከመቅረቡ በፊት ለምድጃ ሠሪው ይታይ፣ «ይህ እኔን አይመስልም» ካለ ይስተካከል። ገንዘብ የለም ለሚሉ አንድ የእጅ ስልክ ለአንድ ቡድን ይበቃል። ጊዜ ግን በእርግጥ ይወስዳል፤ ከማርኩም ከፊሉ ለዚያ እርማት ይሰጥ።