ኒካሑ ከባል ጋር ነው ወይስ ከቪዛ ጋር?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። ልጃችን ውጭ አገር ለሚኖር ሙስሊም ትዳራለች። ኒካሑ ይታሰራል፣ ሰርጉ ይደገሳል፣ ባልየው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጥበቃው ይጀምራል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በመጨረሻም አንድ ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ እያለቀሰና እየመረቀ ይሸኛታል። ወደ ቤት ስንመለስ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» እንላለን። ከምኑ ነው የተገላገልነው?

ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ ኒካሕ ሽማግሌ ሆነው ከተቀመጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ ሰውየው የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የማን ልጅ ነው፣ ይሰግዳል ወይ፣ ወረቀት አለው ወይ። «የአሜሪካ ዜግነት አለው» ሲባል አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «ማሻአላህ» አሉ። ስለ ሰላቱ ሲነገር ግን ማሻአላህ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ልጅቱ እዚያ ስትደርስ «የራሴ ንግድ አለኝ» ያላት ሰው ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሆኖ አገኘችው። ታክሲ መንዳት ሐላል ሥራ ነው፣ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ውሸቱ ነው። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ማታ ይወጣል። እሷ ቋንቋውን አታውቅ፣ መንገዱን አታውቅ፣ በክረምቱ ብርድ መስኮት ላይ ተቀምጣ በረዶ ትቆጥራለች። በአራተኛው ወር ስልክ ብታነሳ «አባዬን አገናኚኝ» የሚል የሕጻን ድምፅ ሰማች። ሰውየው በኒካሕ ብቻ ያገባት፣ በመንግሥት መዝገብ ያልገባች ሌላ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ለእናቷ ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ስትል ቆየች። ለእኔ ግን ደውላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን እርስዎ ጠይቀውት ነበር?» መልስ አልነበረኝም።

እኛ ሐበሾች ይህን ጉዳይ ከማንም በተሻለ ልናውቀው ይገባን ነበር። በሲራ ውስጥ ከሚነገሩት በርቀት የታሰሩ ኒካሖች ታላቁ የታሰረው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነውና። የሙእሚኖች እናት ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ከመጀመሪያ ባላቸው ከዑበይዱላህ ኢብኑ ጀሕሽ ጋር ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ሰውየው እዚህ እስልምናን ትቶ ሞተ። እስቲ ያሉበትን ሁኔታ አስቡት። በሰው አገር ያለ ባል፣ ልጅ ይዘው ቀሩ። ወደ መካ እንዳይመለሱ አባታቸው አቡ ሱፍያን በዚያን ጊዜ ከእስልምና ተቃዋሚዎች ግንባር ቀደሙ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የመጣላትን ሁሉ ትቀበላለች ተብሎ ነገሩ በግማሽ ሥርዓት ሊታለፍ ይችል ነበር። አልታለፈም!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐምር ኢብኑ ኡመይያን ወደ ነጃሺ ላኩ። ነጃሺም አብረሃ የምትባል አገልጋያቸውን ልከው በቅድሚያ ኡሙ ሐቢባን ራሳቸውን አስጠየቁ። ኡሙ ሐቢባ በደስታቸው የብር አምባራቸውን አውልቀው ለአብረሃ እንደሰጧት ይተረካል። ዘመዳቸውን ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድንም ወኪል አደረጉ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና ሌሎቹ ስደተኞች በተሰበሰቡበት ነጃሺ በነቢዩ ስም መህሩን እዚያው ሰጡ፤ በታወቀው ዘገባ 400 ዲናር ነው። ከዚያም ሰው ሳይበላ እንዳይበተን ምግብ ቀረበ። ኡሙ ሐቢባ ባሕር ተሻግረው መዲና የገቡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።

ልብ በሉ። ያኔ ስልክ የለም፣ ፎቶግራፍ የለም፣ በመካከል በረሃና ባሕር አለ። ሆኖም ፈቃዷ አልተዘለለም፣ ወኪሉ አልተዘለለም፣ ምስክሩ አልተዘለለም፣ መህሩም «ስትመጪ እሰጥሻለሁ» አልተባለም። እኛ ዘንድ የሰውየውን ፊት በስልክ እያየን፣ መህሩን በወረቀት ላይ ብቻ አስቀርተን፣ ርቀቱን ሰበብ እናደርጋለን።

በፊቅህም ቢሆን ሴት ልጅ ከአገሯ መውጣቷ ቀላል ነገር ተደርጎ አልታየም። የሐንበሊ መዝሀብ ዑለማዎች ሚስት «ከአገሬ እንዳታስወጣኝ» ብላ በኒካሑ ውል ላይ ቅድመ ሁኔታ ብታስገባ ይጸናል፤ ባልየው ቢጥሰው ኒካሑን የማፍረስ መብት አላት ይላሉ። ሐነፊዎችና ሻፊዒዮች በዚህ አይስማሙም፤ ኒካሑ ይጸናል፣ ቅድመ ሁኔታው ግን ባልን አያስገድድም ባዮች ናቸው። ዝርዝሩን ሸይኾቻችሁን ጠይቁ። እኔን ያስገረመኝ ዑለማዎቹ በመጻሕፍት ሙሉ የተከራከሩበትን ጉዳይ እኛ በአንድ ስኒ ቡና መጨረሳችን ነው።

የሚኬድበትን አገር ሕግ ማወቅም የወሊዩ አማና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባች ሚስት የምታገኘው የሁለት ዓመት መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ዘላቂ እንዲሆን በመደበኛው መንገድ ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። አንዳንዱ ወንድ ይህን እንደ ጅራፍ ይይዘዋል። «ዝም በይ፣ አለዚያ ትባረሪያለሽ» ይላል። የማይነግራት ነገር ቢኖር የአገሩ ሕግ ለተበደለች ሚስት፣ በቅንነት ያገባችው ትዳር ለፈረሰባትም ሴት፣ ብቻዋን የምታመለክትበትን በር መክፈቱን ነው። በሳዑዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። «ወደ ሪያድ እወስዳታለሁ» የሚል ሰው ይህን ከየት እንደሚከፍል መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከአብዛኞቹ ሚስቶች መሠረታዊ የቋንቋ ፈተና ትጠይቃለች። ብዙ ሰው ያማርራል። በእኔ አስተያየት ግን ለልጅቱ ራሕመት ነው፤ ቢያንስ ሐኪም ቤት ገብታ ያመማትን ትናገራለች።

ውጭ ያለኸው ወንድሜ ሆይ፣ አንተም የመጣህበትን የመጀመሪያ ክረምት አትርሳ። ያኔ ማን ነበር አውቶቡስ ያሳየህ? የሚስትህ ፓስፖርት የእሷ ነው። የምትሰግድበትን መስጊድ አሳያት፣ ከእህቶች ጋር አስተዋውቃት፣ ወደ እናቷ ስትደውል ደቂቃ አትቁጠርባት። አንተም እህቴ፣ ቪዛ ለመጠበቅ የምትቀመጪባቸው ዓመታት ቋንቋና ሙያ የሚማሩባቸው ናቸው። ደግሞም በእውነት ከተነጋገሩ ባልና ሚስት መካከል በዚያው ብርድ አገር ሶፋ እንኳ ሳይኖራቸው ጀምረው ያማረ ቤት ያቆሙ ብዙ አሉ፤ አውቃለሁ።

ባለፈው ሸዕባን አንድ የማውቃቸው አባት ለተመሳሳይ ጉዳይ ጠሩኝ። የሰውየውን የመስጊድ ኢማም ስልክ እንዲያመጡ ጠየቅኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ «እንዲህ ከተጣራ ማን ይተርፋል?» አሉኝ። ሦስት ቀን ፈጀ፤ ስልኩ መጣ። ኢማሙ ሰውየውን ያውቁታል። ሱብሒን ከጀማዓው ጋር ይሰግዳል፣ በመጋዘን ውስጥ የቀን ሥራ ይሠራል፣ ሚስት የለውም፣ የሚኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ኋላ ለሰውየው ደውለን ስንጠይቀው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይህንኑ ነገረን። አባትየው ስለ ክፍሏ ፊታቸውን አጨማደዱ። ልጅቱ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና ብቅ ብላ «አባባ፣ ክፍሏ ትበቃናለች» አለች። መህሩ በጠረጴዛው ላይ ተቆጥሮ ለእሷ ሲሰጥ ሁላችንም ቆመን አየን።