ቁጥሩ ያልጎደለ ስርቆት

እኛ የምናውቀው ሌባ ወስዶ ይሄዳል፤ ባለቤቱም የጎደለውን ቆጥሮ ኡኡ ይላል። ግን ወስዶ በምትኩ የሚያስቀምጥስ? መሳቢያው ሙሉ፣ ቁጥሩም ልክ ከሆነ ይህን ምን እንበለው?

ነገሩ ተረት አይደለም። ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። ሌላው ፍቅሩ አገሩ ከ1793 እስከ 1857 ያወጣቻቸው ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ነበሩ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው)። ያን ጊዜ አንድ ሳንቲም ብቻ ያወጡ የነበሩ ናቸው፤ በ2012 ግን የ1793ቱ አንዱ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ሼልደን በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ለእነዚህ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የጥራት መለኪያ አወጣ። ምንነቱ በጭንቅ የሚለየው አንድ፣ እንከን የለሹ ሰባ። ባለ ሰባው የባለ አንዱን ሰባ እጥፍ ያወጣል ሲልም አሰላ። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚጠቀሙት ከዚያ የመነጨውን መለኪያ ነው።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው፣ በኒውዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ካስቀመጣቸው ያማሩትን እየመረጠ ወስዶ የራሱን ደከም ያሉ የተካው። ዓይነታቸው ያው፣ ቁጥራቸው ያው። ከመቶ በላይ ሳንቲም እንዲህ ተለወጠ። ሼልደን በ1977 ሲሞት ነገሩ ገና አልታወቀም ነበር። በኋላ የቆዩ ፎቶግራፎች ከተሸጠው ስብስቡ ጋር ሲተያዩ ጉዱ ወጣ። በ1996 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ።

«መጽሐፍ ወዳድ መጽሐፍ ቢሰርቅ ሌባ አይባልም» የሚሉ ምሁራን አጋጥመውኛል። ውበቱ ለሚገባው ይገባል ነው ነገሩ። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው አልስማማም የምለው። ያላወቀ ሰው «መዳብ በመዳብ ለወጥኩ» ቢል ይሰማ ይሆናል። ሼልደን ግን የወሰደው ከተወው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ በራሱ ስሌት ያውቅ ነበር። ፍቅሩ ማመካኛ ሊሆነው አይችልም፤ እውቀቱ ይመሰክርበታል።

ለዓመታት የተማሪ ወረቀት ሳርም ኖሬያለሁና መለኪያ የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚታመን አውቃለሁ። ሰው እውቀትን አይቶ ቁልፍ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም እውቀትን ከታማኝነት አይለይም። መለኪያውስ ይጣል? የለም፣ መለኪያው ምን አጠፋ! ዋጋን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው ዋጋ ያለው ነገር ሳይነኩ መተው ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያውን ከመጽሐፍ እንማረዋለን። ሁለተኛውን የምናሳየው ማንም በማይቆጥርብን ጊዜ ነው፤ በተለይም ቢቆጠር እንኳ ምንም እንደማይጎድል ስናውቅ።